ገዳሪፍ ላይ ጠላ ስንቀምስ የከረምንበት ዓመት

ገዳሪፍ በገባሁ በዓመቱ ግድም፣ ጥሩ ጠላ የት እንዳለ የሚጠየቅ ሰው ሆኜ ተገኘሁ። እንዴት እንደሆንኩ ዛሬም በደንብ አይገባኝም። ጎንደር ሳለሁ የምጠጣው ቤት የተጠመቀውንና ሰርግ ላይ የተቀዳልኝን ነበር፤ ይሄኛው ይሻላል ያኛው ይከፋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጣዕም መለየት የጀመርኩት ሱዳን ከገባሁ በኋላ ነው፤ ያውም መጠጥ በሕግ ተከልክሎ፣ ጠጥቶ የተያዘ ሰው በሕዝብ ፊት በሚገረፍበት ጊዜ።

የምሠራው ከሀገራችን ሰው፣ ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ ዘንድ ነበር። ሰሊጥና ዱራ በጆንያ ከሎሪ አውርጄ ወደ ሱቁ መጋዘን አስገባለሁ። ዱራ የሚሉት ማሽላውን ነው። አቧራው ጉሮሮዬ ድረስ ይገባል፣ የጉድጓዱ ውሃ ደግሞ ጨው ጨው ይላል። ስለዚህ ሥራ ስጨርስ ጉሮሮ የሚያርስ ነገር ያምረኛል።

ሀገር ቤት ቢሆን ጠላ በሚሸጥበት ደጃፍ ላይ ጣሳ እንጨት ጫፍ ላይ ተሰክቶ ይታያል። ገዳሪፍ ላይ ግን ምልክት የሚባል ነገር የለም። ምልክቱ ሰው ነው። ገበያ ውስጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጌሾ የምትጠይቅ ሴት ካየሁ ጠጋ ብዬ ሰላም እላታለሁ። ጌሾው ከመተማ በኩል በሰሊጥ ጆንያ መሃል ተደብቆ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ የሚፈልገው ሁሉ ይተዋወቃል። ሴትዮዋ ትንሽ ታጠናኛለች፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ትጠይቀኛለች፣ ከዚያ በየትኛው አጥር በኩል እንደምገባ ትነግረኛለች። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ብዙ ቤት ለመድኩ። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለችው የዱራ ጠላዋ ወፍራም ቢሆንም ሆድ አይነፋም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ስኳርና ጥቂት ማር ቀላቅላ ጠጅ ትጥላለች፤ ማሩ ትንሽ እንደሆነ እያወቅሁ እንኳ ደስ ይለኛል። ሱዳኖቹ ከዱራ የሚጠምቁት መሪሳም አለ፤ መጀመሪያ ቀን አቡክተው የረሱት ሊጥ መስሎኝ ነበር፣ ኋላ ግን ወደድኩት። የእኔ ሚዛን ሁለት ነገር ነው፦ ርካሽ ይሁን፣ በማግስቱ ራሴን አያሳምመኝ።

አረቄ ሲያጋጥመኝ ደግሞ ማጠራቀም ጀመርኩ። ከሱቁ የሚጣለውን ባዶ የመድኃኒትና የሽሮፕ ጠርሙስ አጥቤ፣ ጥሩ ነው ካልኩት አረቄ ሁሉ ትንሽ ትንሽ እቀዳና በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ገለባ አልብሼ አስቀምጠዋለሁ። የቴምር አለ፣ የዱራ አለ፣ አኒስ የሚሉት ቅመም የገባበትም አለ። ጠላ አይቀመጥም፤ ይኮመጥጣል። አረቄ ግን ይቆያል። ለምን እንደማጠራቅመው እንጃ። ሌላ የማጠራቅመው ነገር ስለሌለኝ ይሆናል።

ይሄ ሁሉ የሆነው ሰው ሰባ ሰባት እያለ በሚያነሳው በድርቁ ዘመን ነው። ከወዲያ በኩል ሰው በእግሩ እየመጣ በሎሪ ወደ ካምፕ ይጫናል። ገበያው ውስጥ ከአማርኛው ይልቅ ትግርኛው በዝቶ ይሰማ ጀመር። ሱዳንም ዝናብ ቀርቶባት ስለነበር ከብታቸው ያለቀባቸው የሀገሩ ሰዎች እንኳ ከተማ ገብተው ጥላ ስር ተኝተው ይውላሉ። እኔ ደግሞ ቀን እህል ስሸከም ውዬ፣ ማታ እህል እጠጣለሁ። ነገሩ ግራ እያጋባኝ መጣ። አንድ ቀን ከሐዲዱ ማዶ ያለችውን ሴትዮ ጠየቅኋት።

“እትዬ፣ ሰው እህል አጥቶ እየሞተ እህል መጥመቅ ምን ይባላል?”

“አንተስ?” አለችኝ፣ መቅዳቷን ሳታቆም። “ሰው እህል አጥቶ እየሞተ መጠጣት ምን ይባላል?”

እሷ ግን አላዘነችብኝም። “አንድ ቁና ዱራ ብጋግረው ልጆቼ በልተውት ያልቃል፤ ብጠምቀው ግን ሌላ ቁና ገዝቼ ትንሽ ይተርፈኛል። አተላውን ደግሞ ይህቺ ጎረቤቴ ትወስደዋለች።”

“ለከብቶቿ?”

“ከብት የት አላት? ለራሷ ነው እንጂ።”

ጣሳውን ይዤ ቀረሁ። ልጠጣውም ልመልሰውም አልቻልኩም። በመጨረሻ ጠጣሁት፤ ጥሩ ጠላ ነበር።

በዚያ ሰሞን ነው ጋሼ ወደ ክፍሌ የገባው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እያልኩ ነበር የምጠራው። የበለሳ ሰው ነው፤ ለሰሊጥና ለዱራ አጨዳ መጥቶ እዚሁ የቀረ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግር የሚጠላ ሰው። የቤት ኪራዩን እንካፈል ተባብለን አብረን መኖር ጀመርን። ስለ ሀገሩ ብጠይቀው “ደህና ነው” ይለኛል። በዚያ ጊዜ በለሳ ደህና አለመሆኗን ገዳሪፍ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ግን አልተጫንኩትም።

አንድ ቀን ሳጥኔን ከፍቼ ጠርሙሶቼን ስደረድር አየኝና አጠገቤ ተቀመጠ።

“ጠላ ቤቶቹን ሁሉ ታውቃቸዋለህ ይባላል።”

“ሁሉን ባይሆንም ብዙውን።”

“ውሰደኝ። በሙሉ ውሰደኝ።”

ደስ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እኔ ጣዕም የሚፈልግ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። በማግስቱ ከሥራ ስንወጣ ከሐዲዱ ማዶ ወሰድኩት። ጣሳው ተቀዳለት። አሸተተው፣ አንድ ጊዜ ተጎነጨ፣ አፉ ውስጥ አቆየው፣ ዋጠው። ከዚያ ጣሳውን ወደ እኔ ገፋው።

“አይደለችም” አለ።

ጠላን “እሷ” ማለት በእኛ ሀገር ያለ ነው፤ የምንወደውን ነገር ሁሉ እንደ ሴት እንጠራለን። እኔም የገባኝ “ይህቺ ጠላ ጥሩ አይደለችም” እንዳለ ነው። ሚዛኑ ከእኔ ከፍ ያለ ሰው ነው ብዬ አከበርኩት፤ የእሱንም የእኔንም ጠጥቼ ተነሳሁ። በሌላ ቀን ሌላ ቤት ወሰድኩት። አንድ ጉንጭ ብቻ፣ ከዚያ “አይደለችም”። ሦስተኛው ቤትም እንደዚያው። አንዳንዷ ጠላ ግሩም ነበረች። “እንዴ ጋሼ፣ ይህቺማ ምን ይወጣላታል?” ስለው “ጥሩ ናት፤ ግን አይደለችም” ይለኛል። ጥሩ ሆና አይደለችም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። 

አሠሪዬ፣ የሱቁ ባለቤት፣ ሳይቀር ታዘበን። መጠጥ ባፉ የማይዞር፣ ሰላቱን የማያጓድል ሰው ነው። “ጓደኛህ ሳይሰክር የሚጠጣው ለምንድነው?” አለኝ አንድ ቀን። “የሚሰክር ሰው ይገባኛል። ሐራም ነው፣ ግን ይገባኛል። ይሄኛው ግን ምኑን ነው የሚፈልገው?” እኔም ያንኑ ነበር የምጠይቀው።

ከዚያ አንዲት ትግርኛ ተናጋሪ ሴት ቤት ሄድን። አዲስ ያገኘኋት ናት፤ ከቆርቆሮና ከሣር የተሠራች ጎጆ አላት፣ ፊት ለፊቷ ዳስ ተጥሎ ሰው ይቀመጣል። ጋሼ እንደ ልማዱ አሸተተ፣ ተጎነጨ። ፊቱ ተለወጠ። 

“እሷ ናት!”

“እሰይ!” አልኩ እኔ። “ይኸው አገኘን።”

እሱ ግን ጣሳውን አስቀምጦ ብድግ አለና ጋኑ ወዳለበት ወደ ውስጠኛው ክፍል ዘለቀ። ሴትዮዋ ጮኸች። ሰው ቤት፣ ያውም ሴት ብቻዋን የምትኖርበት ቤት ውስጥ እንዲህ አይገባም። የድፍድፍ ማማሰያዋን አንስታ ተከተለችው። ዳሱ ስር የተቀመጡት ሰዎች “ሰከረ! ሰከረ!” ይላሉ። በአንዲት ጉንጭ ጠላ ማን ይሰክራል? ጎትቼ አወጣሁት። ሴትዮዋ ከኋላችን ሆና በትግርኛ የምትለውን ሁሉ ባይገባኝም ቁጣዋ ገብቶኛል።

ከሰፈሩ ወጥተን አንድ ዛፍ ስር ስንደርስ አፋጠጥኩት። “ምን ልትሠራ ነው ሰው ጓዳ የምትገባው?”

“የጠመቀችውን ሴት ላያት ነዋ።”

“ራሷ ናት የጠመቀችው! ሌላ ማን ይጠምቅላታል?”

መሬት ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። ለአጨዳ ሲወጣ ሚስቱን ቤት ትቷት ነው የመጣው። ክረምቱ ሲቀር ሊመለስ ተነሳ፤ መተማ ላይ ያገኛቸው የሰፈሩ ሰዎች “አትድከም፣ ቀዬው ባዶ ነው፤ ሁሉም ወደ ሱዳን ወርዷል” አሉት። ከዚያ ወዲህ ካምፕ ለካምፕ ዞሯል። አላገኛትም። አንድ ቀን ግን አንዱ ካምፕ ውስጥ ጠላ ሲያሳልፉ ሽታው ደረሰው፤ የቤቱን ሽታ መሰለው። ሄዶ ሳይጠይቅ የተሳፈረበት ሎሪ ካምፑን ለቆ ተነሳ።

“የሷን እጅ አውቀዋለሁ” አለኝ። “ጌሾውን ታሳርረዋለች፤ ትንሽ ነው የምታሳርረው። ሴት ደግሞ ስትቸገር ምን ታደርጋለች? ትጠምቃለች። ስለዚህ ቀምሼ አገኛታለሁ።”

ታዲያ “አይደለችም” ይል የነበረው ጠላዋን ሳይሆን ሴትዮዋን ኖሯል። ይሄን ሁሉ ሳምንት እኔ ስለ ጠላ ሳወራ እሱ ስለ ሚስቱ ነበር የሚያወራው።

ነገሩን ካወቅሁ በኋላ ግን የባሰ ግራ ገባኝ። እዚያ ሀገሩ የሚጠመቀው በገብስና በዳጉሳ ነው፤ ጋኑ የሚታጠነው በወይራ ነው። እዚህ ዱራ ነው፣ ጭሱ የግራር ነው፣ ውሃው ጨዋማ ነው። የማንም እጅ ቢሆን ጣዕሙ አንድ ሊሆን አይችልም። ብነግረው “እጅ እጅ ነው” ብሎ ዘጋኝ። መፈለጋችንን ቀጠልን። ሌላ ቤት ደግሞ “እሷ ናት” አለ፤ የጠመቀችው ግን ዕድሜዋ የገፋ ሱዳናዊት ነበረች፣ የቀመሰውም መሪሳ ነበር። ያን ቀን ቀድሞኝ ወጥቶ ወደ ቤት ተመለሰ።  ጣዕሟ ከምላሱ እየጠፋ መሆኑን ያወቀ መሰለኝ፤ ጠይቄው ግን አላውቅም።

በመሃል ፖሊሶች ሰፈራችንን ሊፈትሹ መጡ ተባለና ጠርሙሶቼን ሁሉ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አንቆረቆርኳቸው። ጋሼ እያቀበለ አገዘኝ። “አያሳዝንህም?” አለኝ። ቢያሳዝነኝም በእሱ ፊት ማዘን አሳፈረኝ። ፖሊሶቹ በሌላ መንገድ አልፈው ሄዱ፤ እኛ ጋ ሳይደርሱ።

ከዚያ በኋላ የሄድንባት ቤት የአንዲት አሮጊት ናት። እኔ ከድሮም የማውቃት፣ ጋሼንም ቀደም ብዬ አንድ ሁለቴ የወሰድኩበት ቤት። ጠላዋ ቀጠን ያለ፣ ርካሽ፣ ለጉሮሮ ጥሩ ነው። ጋሼ እንደ ድሮው ቀምሶ ገፋው። አሮጊቷ ግን በዚያ ቀን ነገሩ አልጣማትም መሰለኝ ፊቱ መጥታ ተቀመጠች።

“ልጄ፣ ምን አጥተህበት ነው ሁልጊዜ ቀምሰህ የምትተወው?”

ጋሼ አቀረቀረ። እኔ ነኝ የመለስኩላት። “ሚስቱን እየፈለገ ነው፣ እማማ።”

“ጣሳዬ ውስጥ?”

ማንም አልሳቀም። የት ሀገር ሰው እንደሆነ ጠየቀችው፤ ነገራት። የሚስቱን መልክ ጠየቀችው። ሚስትን መጠጥ ቤት ውስጥ መግለጽ ነውር ሆኖበት ይመስለኛል ብዙ ቆየ፤ ከዚያ አንገቷ ላይ ንቅሳት እንዳላት፣ ቁመቷም ረዘም እንደሚል ነገራት።

“የዚያ ቀዬ ሰዎች ፋው የሚባል የጥጥ እርሻ ናቸው” አለች አሮጊቷ፣ ተራ ነገር እንደምትናገር ሁሉ። “ለጥጥ ለቀማ በሎሪ ወስደዋቸዋል። የእህቴ ልጅ አብራቸው አለች፤ ባለፈው መጥታ ስለ ሁሉም ስታወራኝ ነበር። ባለ ንቅሳቷም አለች። ለምን ቀድመህ አልጠየቅኸኝም?”

ጋሼ አፉን ከፍቶ አያት። እዚያች ቤት ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀምጧል። ቢጠይቅ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይነገረው ነበር። ዳሱ ስር ያለው ሰው ሁሉ የሚያወራው ማን የት እንዳለ ነው፤ እኛ ብቻ ነን ጠላውን ስናዳምጥ የከረምነው።

ከሱቁ ፈቃድ ጠይቄ አብሬው ሄድኩ። ባለሱቁ ታሪኩን ስነግረው ቴምር በላስቲክ ቋጥሮ ሰጠኝና “ካገኛት ለሷ” አለኝ። በጥጥ ሎሪ ላይ ተሳፍረን ወደ ፋው ሄድን። ሜዳው ሁሉ ነጭ ነው፤ በየቦዩ መሃል ሰው ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። ሠራተኞቹ ከሚኖሩባቸው ጎጆዎች ዘንድ ደርሰን ጠየቅን። አንዲት ሴት ወደ ማሳው እጇን ዘረጋች።

ጆንያ ተሸክማ ስትመጣ አየናት። ንቅሳቷን አየሁ። እሱ አልሮጠም፣ እሷም አልሮጠችም። እሷ ጆንያውን ቀስ ብላ አወረደች።

“እንደምን አለህ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አለሽ?”

“ይመስገን። ደህና ነህ?”

እንደ ጎረቤት ሰላምታ ሲሰጣጡ ቆዩ። ሁለቱም በልባቸው የያዙትን ለመልቀቅ የፈሩ ይመስሉ ነበር። ሰላምታው አላልቅ ሲለኝ እኔ ጣልቃ ገባሁ።

“ስንት ቤት ዞረ መሰለሽ! በጠላሽ ነው የፈለገሽ።”

“በምኔ?”

“በጠላሽ። እጇን አውቀዋለሁ እያለ፣ ገዳሪፍ ላይ ያለውን ጠላ ሁሉ ቀምሶ።”

እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን ፈለገች።

“እኔ መች ጠላ ጠምቄ አውቃለሁ?” አለች። “የሚጠምቁት እናትህ ናቸዋ። እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ ብቅሉን እፈጫለሁ። ጥንስሱን ግን ለሰው አያስነኩም ነበር።”

ጋሼ ግንባሩን ቋጠረ። “ከሰርጋችን በኋላ ጓዳውን ለቀውልሽ የለም?”

“ጓዳውን ለቀዋል። ጋኑን አለቀቁም። አታውቅም እንዴ?”

አላወቀም። ከእርሻ ይመጣል፣ ጠላው ይቀርብለታል፣ የምታቀርብለት እሷ ናት። እኔም እዚያው ቆሜ ሳስበው የእኛንም ቤት ጠላ ማን ይጠምቀው እንደነበር እርግጠኛ አልሆንኩም።

“እናቴስ?” አለ። ከተገናኘን ጀምሮ እናቱን ሲያነሳ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። አሮጊት ናት፣ ከሚስቱ ጋር ናት ብሎ ልቡ አርፎ ኖሯል።

ሴትዮዋ ወደ መሬት አየች። “ድንበሩን ተሻግረናል። ሱዳን ገባን፣ እህል አለ ብለናቸው ነበር። አንድ ዛፍ ስር ጥቂት ልረፍ አሉ። እዚያው ቀበርናቸው።”

እሱ የጥጡ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸም። በኋላ “ጌሾውን ምን ያህል ነበር የምታሳርረው?” አላት።

“እንጃ። ስጠጋቸው ሂጂ ውሃ ቅጂ ነበር የሚሉኝ።”

ከዚያ በኋላ ነው እሷ ያለቀሰችው፤ እሱም ተከተላት። ለቅሶውን ሰምተው የሀገራቸው ሰዎች ከማሳው መጡ። ሱዳናዊው የሥራ ኃላፊም መጣና ምን እንደሆነ በአረብኛ ጠየቀኝ፤ እናቱ ሞተውበት ነው አልኩት። ዛሬ? አለኝ። ዛሬ አይደለም፣ ዛሬ ነው የሰማው አልኩት። እጆቹን ዘርግቶ ፋትሐ ቀራላቸው፤ የእኛ ሰዎች ደግሞ አማተቡ። ቴምሩን ለለቅሶ ለመጣው ሰው አደልነው። እኔ መሃላቸው ቆሜ፣ የመጣሁት ለደስታ ይሁን ለሐዘን መለየት አቅቶኝ ነበር። ሰውየው ሚስቱን አግኝቷል። እናቱን ደግሞ አጥቷል። ሁለት ጊዜ “እሷ ናት” ሲል የሰማሁትን በልቤ መለስኩት፤ የትኛዋን ማለቱ እንደነበር አሁን እሱም ቢጠየቅ የሚያውቀው አልመሰለኝም።

ጋሼ እዚያው ቀረ፤ ጥጥ ሊለቅም። በማግስቱ ወደ ገዳሪፍ የሚመለስ ሎሪ ሳገኝ ሚስቱ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ሎሪው ሲጭን ቆመን ሳለ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጠየቀችኝ።

“ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ወር አብራችሁ ነበራችሁ። ስለ እኔ ምን ይልህ ነበር?”

አሰብኩ። ስለ ጠላ ብዙ ነግሮኛል። ስለ እሷ የነገረኝን ፈልጌ አጣሁ።

“ብዙ ነገር” አልኳት።

“ምን ምን?”

ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ጆንያዎቹ ላይ ወጣሁ። እሷ መልሱን እየጠበቀች ቀና ብላ ታየኛለች፤ እኔም እጄን ከማውለብለብ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ አልተገናኘንም። ሁለት መኸር እንዳለፈ አንድ ሹፌር ወደ በለሳ ተመልሰዋል፣ ልጅም ወልደዋል ብሎ ነገረኝ። ሌላ ሰው ደግሞ በዚያው ሰሞን እዚሁ ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ ገበያ ውስጥ ሁለቱን አብረው አየኋቸው፣ ልጅ አልያዙም አለኝ። ሁለቱም ሰዎች በደንብ የሚያውቋቸው ናቸው፣ ሁለቱም የሚዋሹ ሰዎች አይደሉም። የትኛውን እንደማምን አላወቅሁም፤ ሁለቱንም አመስግኜ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።